ሥራ የፈታ ቦምብ ጣይ፤ የካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሕይወት

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ መተማ የወረደ ሰው፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሲጀምር ሙቀቱ ፊቱን እንዴት እንደሚመታው ያውቃል። ገንዳ ውኃ ታልፋለች፤ ኮኪት ታልፋለች፤ ከዚያ በኋላ የሰሊጡና የጥጡ አገር መተማ ዮሐንስ ይመጣል። ከከተማዪቱ ማዶ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ፤ ወንዙን የተሻገረ ገላባት ገባ፣ ሱዳን ገባ ማለት ነው። እኛ ተማሪዎች መተማ ሲባል ትዝ የሚለን መጋቢት 1881 ዓ.ም. እና የዐፄ ዮሐንስ ሞት ነው። በዚሁ ሥፍራ የተደረገውንና ውጤቱን ሰማዩ የወሰነውን ሌላውን ጦርነት ግን ከመካከላችን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።

ይህ ጦርነት የተደረገው ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራዊት የሆነው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ፣ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም አዛዥነት፣ ገላባትና መተማን ከኢጣሊያኖች ለማስለቀቅ በንጋት ተነሣ። ዌልዝሊ የሚባሉት ባለ አንድ ሞተር ቦምብ ጣዮች ምሽጉን ደበደቡ፤ 12 ታንኮች ተከተሉ፤ የገላባት ምሽግም በጧት ተያዘ። ነገር ግን አብዛኞቹ ታንኮች ከድንጋዩና ከተቀበረው ፈንጂ የተነሣ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ ቆሙ። ከላይ ደግሞ የኢጣሊያ ተዋጊ አይሮፕላኖች የእንግሊዞቹን ግላዲያተሮች እየተራ ጣሏቸው። ሰማዩ ባለቤት ሲያጣ የካፕሮኒ ቦምብ ጣዮች መጡ። መሬቱ ዐለት ስለሆነ ቶሎ ጉድጓድ ቆፍሮ መደበቅ አይቻልም፤ ቦምቡም ከብረቱ ሌላ ድንጋዩን እየፈነጠቀ ያቆስላል። ከወታደሩ ከፊሉ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ስሊምም የያዙትን ለቀው አፈገፈጉ። መተማ የተለቀቀችው ከሦስት ወር ያህል በኋላ በጥር 1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች በፈቃዳቸው ወደ ጎንደር ባፈገፈጉ ጊዜ ነው፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጇን ሰጠች።

ከእኛ መካከል የቆላው ልጆች የሆኑት አንድ ጥያቄ አነሡ። ከመተማ በላይ የተዋጉት እነዚያ አይሮፕላኖች ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የት ገቡ? የዌልዝሊዎቹን ነገር በአጭሩ ለመናገር፣ ዛሬ በማንኛውም ሙዚየም አንድ ሙሉ ዌልዝሊ የለም። በሌላው ዓለምም እንዲሁ ሆነ። በአሜሪካ በአሪዞና በረሃ ኪንግማን በሚባል ቦታ ብቻ 5,500 ያህል የጦር አይሮፕላኖች ተደርድረው ቆይተው ተቆራርጠው ቀለጡ፤ በበርሊንና በሩር ላይ እሳት ያዘነበው አሉሚኒየም ጥፍጥፍ ሆኖ ለገበያ ወጣ። ጥቂቶች ከመቅለጥ ተርፈው ሌላ ሥራ አገኙ። የእንግሊዞቹ ሃሊፋክስ የቦምብ ማስቀመጫቸው በጭነት ሣጥን ተለውጦ በ1940 እና በ1941 ዓ.ም. ለተከበበችው በርሊን ነዳጅና ምግብ አመላለሱ። ሌሎቹ ደግሞ አየር ኃይል ለማቋቋም ለሚጣጣሩ ድኻ መንግሥታት ተሸጡ። ከእነዚህ መንግሥታት አንዱ የእኛ ነበር። ያገለገሉ ቦምብ ጣዮች ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ታሪክ ደግሞ ከአንድ ሰው ሕይወት ተለይቶ አይነገርም።

ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በስዊድን አገር ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. ከመኳንንት ቤት ተወለዱ። አባታቸው ካውንት ኤሪክ አፍሪካን ከደቡብ እስከ ሰሜን ያቋረጡ አሳሽ ነበሩ፤ በ1910 ዓ.ም. ለአዲሲቱ ፊንላንድ የመጀመሪያውን የጦር አይሮፕላን የሰጡም እርሳቸው ናቸው። የእናታቸው እኅት ካሪን ደግሞ በኋላ የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የሆነውን ሄርማን ጎሪንግን አገባች። የተገናኙትም በፎን ሮዘኖች ግንብ ውስጥ ነበር። ይህ ዝምድና ወደ ፊት ዋጋ ስለሚያስከፍላቸው አንባቢ ልብ ይበልልን። ወጣቱ ካርል ጉስታፍ መብረርን ተምረው በትርዒት ሜዳ ላይ በአይሮፕላን እየተገለባበጡ ሕዝብ ያስደንቁ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ ልጅነታቸው ማተት አያስፈልገንም።

ቁም ነገሩ የሚጀምረው በ1928 ዓ.ም. ነው። ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ላከልን፤ ፎን ሮዘንም ዕድሜያቸው 26 ሆኖ የአምቡላንስ አይሮፕላን አብራሪ በመሆን መጡ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የነበሯት አይሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የመጀመሪያው የፈረንሳዩ ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከመጣ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም። በአንጻሩ የኢጣሊያ አይሮፕላን በመቶ ይቆጠራል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን የሕክምና ጓድ በቦምብ ተደበደበ፤ ድንኳን ውስጥ የተኙ ቁስለኞች አለቁ፤ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትሮምም ሞተ። በመጋቢት ወር ደግሞ ፎን ሮዘን የሚያበሩት፣ የቀይ መስቀል ምልክት የተቀባው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ፎከር አይሮፕላን ኮረም ሜዳ ላይ እንደ ቆመ ተደብድቦ ተቃጠለ። ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል የተላኩት ስዊዘርላንዳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖም በዚያ ነበሩና በኋላ በመጽሐፋቸው መሰከሩ።

እንግዲህ ይህ ወጣት መኰንን ቦምብ ጣይን በመጀመሪያ ያወቀው ከታች ሆኖ ነው። አንዳንዶቻችን ቀሪው ሕይወታቸው ከዚህ ቀን ይመነጫል እንላለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ የትርዒት አብራሪው ጠባይ ነው የሚነዳቸው እንላለን። በክርክሩ አልተስማማንም።

ከኢትዮጵያ ወደ ሆላንድ ሄደው የመንገደኛ አይሮፕላን አብራሪ ሆኑ። በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ ግን ሥራቸውን ትተው ለፊንላንድ ሊዋጉ ሄዱ። ይዘውት የሄዱት የጦር አይሮፕላን አልነበረም። ዲሲ 2 የሚባል የመንገደኞች አይሮፕላን ነው። ፊንላንዶች ሃንሲን ዩካ የሚል ስም ሰጥተው፣ ከክንፉ ሥር የቦምብ ማንጠልጠያ ከጀርባው መትረየስ ገጠሙለት። ነጋዴና ቱሪስት ሲጭን የኖረው አይሮፕላን በየካቲት 1932 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሌሊት በፎን ሮዘን መሪነት ቦምብ ሊጥል ተላከ። በቦምብ ጣይነት የወጣው ያን አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማጓጓዝ ሥራው ተመለሰ።

ታላቁ ጦርነት በተስፋፋ ጊዜ ለእንግሊዝ አየር ኃይል ልብረር ብለው አመለከቱ። የጎሪንግ ዘመድ ናቸውና አይሆንም ተባሉ። ስለዚህ በጦርነቱ ዘመን የስቶክሆልምና የበርሊን መንገደኞችን ሲያመላልሱ ቆዩ። ለእንዲህ ያለ ሰው ከዚህ የበለጠ ቅጣት ያለ አይመስለንም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አየር ኃይላቸውን ከባዶ ማቋቋም ነበረባቸው። እንግሊዞች ከነጻነት በኋላ በአገሪቱ ላይ ያሳደሩት ጫና ስለከበደ፣ ንጉሡ ቅኝ ግዛት የሌላትንና ከጦርነቱ በፊት በሆለታ መኰንኖች ያሠለጠነችልንን ትንሺቱን ስዊድን መረጡ። ፎን ሮዘንም በ1938 ዓ.ም. ተመልሰው መጥተው በቢሾፍቱ የአዲሱ አየር ኃይል አሠልጣኝና መሪ ሆኑ። እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ከዚህ ሥራ አልተለዩም።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው መማሪያ አይሮፕላን ነበር፤ ለዚህም ሳፊር የተባለው ትንሽ የስዊድን አይሮፕላን ተመረጠ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ፎን ሮዘን አንዱን ሳፊር በተጨማሪ የነዳጅ ጋን አስጭነው ከስቶክሆልም ተነሡና ምንም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ የጨረሱት በ31 ሰዓት ያህል ነው። ለዚያ መጠን አይሮፕላን በዓለም አዲስ ክብረ ወሰን ነበር። እኛ በሉል ካርታ ላይ ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ ክር ዘርግተን ብናይ ክሩ የሚያልፈው ከጎንደር አጠገብ ነው። ከመተማ ቆላ ወደ ምሥራቅ አንድ መቶ ኀምሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከስድስት ዓመት ከመንፈቅ በፊት ካፕሮኒዎች ያንዣበቡበት ሰማይ ሩቅ አልነበረም።

ቀጥለው የመጡት ቦምብ ጣዮቹ ናቸው። ሳብ 17 ይባላል። ስዊድን የዓለም ጦርነት በዙሪያዋ ሲነድድ ማንም አይሮፕላን የሚሸጥላት ስታጣ ራሷ የሠራችው፣ ከላይ ወደ ታች ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል ባለ ሁለት ሰው አይሮፕላን ነው። መጀመሪያ የበረረው በግንቦት 1932 ዓ.ም. ሲሆን በጠቅላላው 320 ያህል ተሠርቷል። በሰዓት 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። ለአገሩ ብርድ ታስቦ በጐማው ፈንታ የበረዶ መንሸራተቻ እንዲገጠምለት ተደርጎ የተሠራ መሆኑን ስናነብ ሳቅን፤ በቢሾፍቱ ሜዳ ላይ ምን ያደርግለታል! ይሁን እንጂ ጠንካራና ለጥገና የማያስቸግር ስለነበረ ለእኛ አገር የሚስማማ ነበር። ስዊድን አንድ ቀን እንኳ ሳትዋጋበት ጦርነቱ አበቃ፤ በ1938 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ባለ ጀት አይሮፕላኖችን መግዛት ስትጀምር ሳብ 17 ሥራ ፈታ። ከፊሉ በስዊድን የመድፍ ተኳሾች መለማመጃ ዒላማ ጐታች ሆነ። ከ40 በላይ የሚሆኑት ግን ከ1939 እና 1940 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ተሸጡ፤ የቢሾፍቱ ልጆች የጦር በረራን የተማሩት በእነዚህ ላይ ነው።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ሌላ የጦርነት ትራፊ አይሮፕላን ሥራ ጀምሮ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ ሲ 47 አይሮፕላኖች ነው። መቀመጫቸው እንደ ወታደር ጊዜያቸው በግራና በቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ ሆኖ ዕቃው በመካከል ይቆለላል። ቡናና ቆዳ፣ ፖስታና መንገደኛ እያመላለሱ መንገድ ያልደረሰበትን አገር ከአገር አገናኙ። ሁለቱም ከአንድ ጦርነት የተረፉ ብረቶች ናቸው። ብረቱ ለምን ሥራ እንደሚውል የሚወስነው ግን የገዛው እጅ ነበር።

ስለ ቢሾፍቱ ስንጽፍ ማሞገስ ብቻ ቢሆን ደስ ባለን። ከስዊድኖቹ አይሮፕላኖች በኋላ በ1946 እና በ1947 ዓ.ም. ግድም ከካናዳ ባሕር ኃይል የተረፉ ፋየርፍላይ የሚባሉ ተዋጊዎች መጡ፤ ከዚያ የአሜሪካ ጀቶች፤ በ1960 እና በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ አየር ኃይል ያረጁ አራት ካንቤራ ቦምብ ጣዮች ታድሰው ተገዙ። አገርን ከውጭ ጠላት ለመጠበቅ ተብሎ ነው። በዚያው በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ባመፀ ጊዜ ግን የኢትዮጵያ አየር ኃይል የጎጃምን መንደሮች በቦምብ ደበደበ። ኮረም ላይ ከሰማይ የወረደውን እሳት ያየ ሕዝብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በራሱ አይሮፕላን ተመታ። ፎን ሮዘን በዚያን ጊዜ አገራችንን ከለቀቁ 12 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእርሳቸው ነው አንልም። ሆኖም አየር ኃይል የሚያቋቁም ሰው፣ እኔ ከሄድሁ በኋላ ይህን የሚያዝዘው ማነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። እኚህ ሰው ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው ሙሉ በቂ ጊዜ ሰጥተው ያሰቡበት አይመስለንም፤ ቢያፍራ ላይ ያደረጉትም ይህንኑ ያሳያል።

ቢያፍራ ከናይጄሪያ ተገንጥዬአለሁ ብላ ከታወጀች በኋላ በሁለቱም ወገን የሚያንዣብበው አሮጌ ቦምብ ጣይ ነበር። ቢያፍራዎች ጦርነቱን የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ ጥቂት ቢ 26 አይሮፕላኖች ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በግብጻውያን አብራሪዎች የሚነዱ የሶቪየት ኢሊዩሺን 28 ቦምብ ጣዮችን አሰማራ፤ ገበያና መንደር ተመታ። ፎን ሮዘን በነሐሴ 1960 ዓ.ም. የጭነት አይሮፕላን ከዛፍ ጫፍ ከፍ ብሎ እየነዱ ከበባውን ሰብረው ለተራበው ሕዝብ ምግብና መድኃኒት አደረሱ። እስከዚህ ድረስ ከመካከላችን የሚቃወማቸው የለም።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው የሚያከራክረን። ምግብ ማመላለስ ብቻውን በቂ አይደለም ብለው፣ ኤምኤፍአይ 9 የሚባሉ አምስት ትናንሽ የስዊድን መማሪያ አይሮፕላኖች ገዝተው በጋቦን በኩል አስገቡ። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ባዶውን ግማሽ ቶን እንኳ የማይሞላ መጫወቻ የሚመስል ነገር ነው። በያንዳንዱ ክንፍ ሥር ሮኬት ጠመዱበት። ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. አምስቱ ከጫካው አናት በታች እየተሹለከለኩ የፖርት ሃርኮርትን አይሮፕላን ማረፊያ መቱ፤ በተከታዮቹ ቀናትም በቤኒንና በኤኑጉ ማረፊያዎች፣ በኡጌሊ የኤሌክትሪክ ጣቢያም ላይ ወረዱ። ካውንቱ ዕድሜያቸው 60 ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀረው ራሳቸው ከአብራሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በፊንላንድ የመንገደኛውን አይሮፕላን ቦምብ ጣይ እንዳደረጉት፣ በቢያፍራም የተማሪውን አይሮፕላን እንዲሁ አደረጉት። ዓለም በሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ጀግና አላቸው፣ ገሚሱ በሰው አገር ጦርነት ጣልቃ ገቢ አላቸው። ቢያፍራ ጥር 1962 ዓ.ም. ተሸነፈች፤ በረኃብ ያለቀው ሕዝብ ብዛት ግን በጥይት ከሞተው ይበልጣል። ከመካከላችን አንዱ፣ የሕፃናትን ረኃብ ባየ ሰው ላይ እኛ በመጻሕፍት ቤት ተቀምጠን መፍረድ የለብንም ይላል። ሌላው፣ ሮኬቱ ጦርነቱን አላሳጠረም ይላል። እውነቱን ለመናገር የኋለኛው ሚዛን ይደፋብናል።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ባልተነሣን። የዚያችን ትንሽ አይሮፕላን ንድፍ ያወጣው ቢዮርን አንድሪያሰን ከእርሷ ትንሽ ከፍ ያለች ልጅ አወጣላት፤ ኤምኤፍአይ 15 ተባለች። እንደ እናቷ ከክንፏ ሥር ዕቃ ማንጠልጠያ አላት። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲያችን መምህራን ወሎ ደርሰው ያዩትን ረኃብ በፎቶግራፍ ለተማሪው እንዳሳዩ ታላላቆቻችን አይረሱትም። ፎን ሮዘን በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ግድም ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ይዘው የመጡት እነዚህን አይሮፕላኖች ነው። በዚህ ጊዜ በማንጠልጠያው ላይ የታሠረው ጆንያ ነበር። መኪና ወደማይደርስበት አገር እየበረሩ፣ ወደ መሬት በጣም ዝቅ ብለው እህሉን ይለቁታል። አሠራሩ የቦምብ ጣይ አሠራር ነው፤ ዒላማ መምረጥ፣ ከፍታና ፍጥነት መመጠን፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት መልቀቅ። በፊንላንድና በቢያፍራ ያካበቱት ችሎታ ለዚህ ዋለ። በ1977 ዓ.ም. የእንግሊዝና የጀርመን ትላልቅ የጭነት አይሮፕላኖች በሰሜን ተራሮቻችን ላይ እህል ሲጥሉ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶ ተደነቀ። ካውንቱ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን ነበሩ። በዚያ የነበሩት ለተቸገሩት ርዳታ ለማድረስ ነው። ሐምሌ 6 ቀን የሶማሊያ ኃይሎች ጎዴን በድንገት አጠቁ፤ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም በዚያው ተገደሉ። 68 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ያህል ቀርቷቸው ነበር። በጦርነቱ ከተሰለፉት የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች መካከል ከእንግሊዝ የተገዙት አሮጌ ካንቤራዎች ይገኙባቸዋል።

ስለ አይሮፕላኖቻቸው ጥቂት እንጨምር። ከካናዳ ከመጡት ፋየርፍላዮች ሁለቱ አሥመራ ላይ ተጥለው ከቆዩበት በ1985 ዓ.ም. ተነሥተው ወደ ካናዳ ለሙዚየም ተመለሱ። ከሳብ 17 ወገን በስዊድን የቀረ አንድ ታድሶ በ1989 ዓ.ም. እንደገና በረረ። ያ ለአንድ ሌሊት ቦምብ የጣለው የፊንላንድ ዲሲ 2 ደግሞ ከአየር ኃይሉ ከተሰናበተ በኋላ በ1951 ዓ.ም. ሐሜንሊና ወደምትባል ከተማ ተጎትቶ ቡና ቤት ሆነ። በኋላ ተገዝቶ ታድሶ ሙዚየም ገብቷል። ፎን ሮዘን ጎዴ ላይ በሞቱበት ሐምሌ ግን ገና በሐሜንሊና፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ ቡና ቤት እንደ ሆነ ቆሞ ነበር።